ባሕር መሃል ያለ ጫካ ማን ተከለው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰበታ ዳር ነው የምኖረው። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ስለ ሞቃታማ ደሴቶች የዝናብ ደን የቤት ሥራ ተሰጥቷት አብረን ስናነብ ሁለታችንም ግራ ገባን። ከየብስ ርቆ ባሕር መሃል ያለ ደሴት ያን ሁሉ ዛፍና እንስሳ ከየት አመጣው? ለምንስ ሌላ ቦታ አይገኙም? ቶሎ የሚጠፉትስ ለምንድን ነው? እሷ ደግሞ የኛ የሱባ ጫካ ከእነሱ ጋር ይመሳሰላል ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?»

እህቴ፣ ልጅዎ ያነሳችውን የመጨረሻ ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ። ሥራዬ የደን ሥነ ምህዳር ነው። ብዙ ጊዜ የምውለውም እዚያው እናንተ አካባቢ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስ አይፍረዱብኝ።

ስለ ደሴት ደን ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው እዚያ ያለውን ነው፤ ያሸበረቀውን ወፍ፣ ትልቁን አበባ። እኔ ግን ልጅዎ ከጎደለው እንድትጀምር እመክራለሁ። ማን ደረሰ? ማን መንገድ ላይ ቀረ? ይህን ከያዘች ሌላው በራሱ ይፈታላታል።

በመጀመሪያ ሁሉም ደሴት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ድሮ የዋናው መሬት አካል ነበር። ቦርኔዮን ይውሰዱ። በበረዶ ዘመን ብዙ ውሃ በረዶ ሆኖ ስለተያዘ ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። ያኔ ቦርኔዮ፣ ሱማትራና ጃቫ ከእስያ ጋር በየብስ ይገናኙ ነበር። ኦራንጉታንን የመሰለ ትልቅ እንስሳ እዚያ መገኘቱ ስለዚህ አያስገርምም። መንገድ ነበረው። ማዳጋስካርም የተገነጠለ መሬት ነው፤ ግን መገንጠሉ እጅግ የራቀ ዘመን ነው። ከአፍሪካ የተላቀቀው ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ከሕንድ ጋር የተለያየው ደግሞ ከ88 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነው።

እናንተን ግራ ያጋባችሁ ግን ሌላው ዓይነት ይመስለኛል። ሃዋይ፣ ታሂቲና ሳኦ ቶሜ ከባሕር ወለል በእሳተ ገሞራ የወጡ ናቸው። ሲወጡ የቀለጠ ድንጋይ ብቻ ነበሩ። ሣር የለ፣ ትል የለ። ሃዋይ ከአሜሪካ ዋና መሬት 3,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ታዲያ ጫካው ከየት መጣ?

ይህን ሰው በዓይኑ ያየበት አንድ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1883 (ሌሎቹም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጃቫና በሱማትራ መካከል ያለው ክራካታው የተባለ የእሳተ ገሞራ ደሴት ፈነዳ። ከደሴቱ አብዛኛው ወደ ባሕር ሰመጠ። የተረፈው ቁራጭ በትኩስ አመድ ተቀበረ። ከዘጠኝ ወር በኋላ የሄዱ ተመራማሪዎች ያገኙት ሕይወት ያለው ነገር አንዲት ትንሽ ሸረሪት ብቻ ነበረች። የሸረሪት ግልገሎች ቀጭን ክር ለቀው ነፋስ ላይ ይሳፈራሉ። ይህቺም የመጣችው እንዲያ ነው። በ1886 አንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሄድ መሬቱን ፈርን የሚባል አበባ የሌለው ተክል ይዞታል። ፈርን ፍሬ አያፈራም፤ የሚራባው እንደ አቧራ በደቀቀ ብናኝ ስለሆነ ነፋስ እስከፈለገው ድረስ ይወስደዋል። ባሕሩ ዳር ደግሞ ማዕበል ያመጣቸው ተክሎች በቅለዋል። ቀጥሎ ሣሩ መጣ። ከዚያም ወፎችና የሌሊት ወፎች የሾላ ዘመዶችን ዘር በሆዳቸው ይዘው ገቡ። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ ደሴቱ ጫካ ለብሶ ነበር።

ስለዚህ «ማን ተከለው?» ለሚለው መልሱ ነፋስ፣ ማዕበልና የወፍ ሆድ ነው። የወፍ እግርም አለበት፤ ጭቃ ላይ የተጣበቀች ዘር ብዙ ርቀት ትጓዛለች።

እንስሳትስ? የሚበር በክንፉ ይመጣል። የማይበር ደግሞ አንዳንዴ እንጨት ላይ ይሳፈራል። ይህ ተረት ይመስላል፤ ግን ታይቷል። በ1995 ካሪቢያን ውስጥ ከባድ አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ፣ አንጉዊላ የተባለችው ደሴት ዳርቻ ላይ የተነቃቀለ የዛፍ ግንድ ክምር ተገፍቶ ደረሰ። ክምሩ ላይ ቢያንስ 15 ኢጓናዎች ነበሩ። ኢጓና ከድመት የሚበልጥ እንሽላሊት ነው። ዝርያው ከዚያ በፊት ደሴቷ ላይ አልነበረም። ሊመር የሚባሉት ጦጣ መሰል የማዳጋስካር እንስሳት ቅድመ አያቶችም ከአፍሪካ በዚህ መንገድ እንደተሻገሩ ነው የሚታመነው። በሺህ ዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ሚሊዮን ዓመት ሲሰጠው ብዙ ጊዜ ይሆናል።

አሁን ወደ ጎደለው እንምጣ። ጨዋማ ውሃ እንቁራሪትን ይገድላል። ትልቅ አጥቢ እንስሳ ያለ ምግብና ውሃ ሳምንታት ግንድ ላይ አይቆይም። በዚህ የተነሳ ሰው ከመድረሱ በፊት ሃዋይ ላይ እንቁራሪት አልነበረም። እባብ አልነበረም። አይጥ አልነበረም። የሚገርመው ጉንዳን እንኳ አልነበረም። ከየብስ አጥቢዎች የደረሰው የሌሊት ወፍ ብቻ ነው፤ እሱም በሮ። እስቲ ጉንዳን የሌለበትን ጫካ ያስቡት! እኔ በግሌ ከደሴት ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

ጎረቤት ከሌለ ሥራው ክፍት ነው። ክፍት ሥራ ካለ ደግሞ የደረሰው ይወስደዋል። ሃዋይ ላይ አንድ የፊንች ዓይነት (ፊንች ዘር የሚለቅም ትንሽ ወፍ ነው) ከእስያ አቅጣጫ ገባ። ልጆቹ በዘመናት ብዛት ከ50 በላይ ዝርያ ሆኑ። አንዱ ምንቃሩ ዘር ለመፈልቀቅ ደነደነ። ሌላው ቅርፊት ውስጥ ትል ለማውጣት ሾጠጠ። ሌላው ደግሞ አበባ ውስጥ ገብቶ ማር ለመምጠጥ እንደ ማጭድ ቆለመመ። ማሩን የሚሰጡት አበቦች ደግሞ የኛ ጅብራ ዘመዶች ናቸው። ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ የሄደ ሰው ጅብራን ያውቃታል፤ ረጅም ሆና ብቻዋን የምትቆመው፣ አንዴ አብባ የምትሞተው ተክል ናት። የሃዋይ ዘመዶቿም ከአንድ ቅድመ አያት ተነስተው ዛሬ ከ120 በላይ ዝርያ ሆነዋል። አበባቸው ጎበጥ ያለ ነው፤ ጉብጠቱ ከወፎቹ ምንቃር ጋር ይገጥማል። ልጅዎ ይህን ብትስለው ቆንጆ ሥራ ይወጣዋል።

ሌላም ነገር ሆነ። የሚግጥ እንስሳ ስለሌለ ብዙ ተክል መከላከያውን ጣለ። የሃዋይ የዱር እንጆሪ እሾኹ ሳስቶ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። የናና ወገን የሆኑት መዓዛቸውን አጡ። የሰሜን ተራሮች ሳማ አንድ ጊዜ የለበለበው ሰው፣ እዚያ የማይለበልብ የሳማ ዘመድ አለ ቢባል አያምንም። ግን አለ። መርዝም ሆነ እሾኽ ዋጋ ያስከፍላል። ጠላት ከሌለ ማን ይከፍላል?

ስለ ተክል ካነሳን ሲሸልስን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ፕራስሊን በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባል ሸለቆ አለ። ዩኔስኮ በ1983 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ ኮኮ ደ ሜር የሚባል ዘንባባ ይበቅላል። ዘሩ ከዓለም ትልቁ ነው፤ 25 ኪሎ የሚደርስ አለ። ፍሬው እስኪበስል ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። አፈሩ ደግሞ ጭንጫ ነው። ታዲያ ይህን የሚያህል ዘር በምን ይቀልባል? ቅጠሉን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ እንደ ተጣጠፈ ወረቀት ሽንትር ሽንትር አለው። ዝናብ ሲመታው ውሃው በሽንትሮቹ ይወርድና ወደ ቅጠሉ አንገት ይሰበሰባል። አንገቱም ቦይ አለው። ከዚያ በግንዱ ላይ ወርዶ ልክ ሥሩ ላይ ይፈሳል። ውሃው ብቻውን አይወርድም። ቅጠሉ ላይ ያረፈውን የአበባ ብናኝ፣ የወፍ ኩስና የደረቀ ስብርባሪ ጠራርጎ ይወርዳል። ዛፉ በየዝናቡ ራሱን ማዳበሪያ ይቀልባል ማለት ነው። ግንዱ ሥር ያለው አፈር ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ካለው አፈር ይበልጥ የበለጸገ ሆኖ ተገኝቷል። ዘሩ ግን አይንሳፈፍም፤ ባሕር ከገባ ይሰምጣል። ስለዚህ ዛፉ በራሱ ከዚያች ደሴትና ከጎረቤቷ ወጥቶ አያውቅም።

ማዳጋስካር ላይ ደግሞ አበባው 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ቱቦ ያለው ነጭ ኦርኪድ አለ። ማሩ ያለው ቱቦው ጫፍ ላይ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1862 አበባውን አይቶ «ምላሷ ይህን ያህል የሚረዝም የእሳት ራት መኖር አለባት» አለ። ብዙዎች አላመኑትም። የእሳት ራቷ ዝርያ በ1903 ተመዘገበች። ዳርዊን ግን ያኔ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ከ100 የሚበልጡት የሊመር ዝርያዎች በተፈጥሮ የሚገኙት ማዳጋስካርና አካባቢዋ ብቻ ነው። ጦጣ ስላልደረሰ የጦጣን ቦታ እነሱ ያዙት። የዓለም ቫኒላም ዛሬ አብዛኛው ከማዳጋስካር ነው የሚመጣው። ተክሉ ግን የሜክሲኮ ነው፤ የሚያዳቅለው ነፍሳት አብሮት ስላልመጣ አበባው ሁሉ በሰው እጅ አንድ በአንድ ይዳቀላል። ዘዴውን በ1841 ያገኘው ኤድሞንድ አልቢየስ የሚባል፣ ሬዩኒየን ደሴት ላይ በባርነት የተያዘ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ታሪክ ቢነግሯት ደስ ይለኛል።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልለፍ። ለምን ቶሎ ይጠፋሉ?

ጠላት የማያውቅ እንስሳ መሸሽ አያውቅም። የሞሪሺየሱ ዶዶ በሩቅ ዘመን በርራ የመጣች እርግብ ዘር ነበረች። የሚያሳድዳት ስላልነበረ መብረር ተወች። የሆላንድ መርከበኞች በ1598 ደሴቲቱን ያዙ። ዶዶ ለመጨረሻ ጊዜ ታየች የሚባለው በ1662 ነው። ስድሳ አራት ዓመት ብቻ። ሰው በልቷታል፤ ግን ይበልጥ የጎዷት ከመርከብ የወረዱት አሳማ፣ አይጥና ዝንጀሮ ሳይሆኑ አይቀሩም። እንቁላሏ መሬት ላይ ነበር።

እኔ ግን ለተማሪ ሳስረዳ ዶዶን ትቼ ጉዋምን እመርጣለሁ። ጉዋም ከፊሊፒንስ በስተ ምሥራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በወታደራዊ ጭነት ውስጥ ተደብቆ ሳይሆን አይቀርም፣ አንድ ዛፍ የሚወጣ ቡናማ እባብ ገባ። ወፎቹ እንዲህ ያለ እባብ አይተው አያውቁም። ጎጆ ላይ እንደተቀመጡ ተበሉ። ከደሴቷ 12 የጫካ ወፎች 10ሩ ከዚያ ጠፉ። መጀመሪያ በሽታ ነው ተብሎ ነበር። የእባቡ ሥራ መሆኑ የታወቀው በ1980ዎቹ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ አላበቃም። ወፍ ሲጠፋ ሸረሪትን የሚበላ ጠፋ። በዝናቡ ወቅት የጉዋም ጫካ ውስጥ ያለው የሸረሪት ድር ከጎረቤት ደሴቶች እስከ 40 እጥፍ በዝቶ ተቆጥሯል። ሰው በጫካው ሲሄድ ድሩን በዱላ እየጠረገ ነው። ዘር የሚያዘዋውርም ጠፋ። የዛፉ ፍሬ እናቱ ሥር ወድቆ እዚያው ይቀራል። ዛፉ ዛሬ ቆሟል፤ ተተኪው ግን የለም። ጫካው ደህና መስሎ ይታያል። ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ።

ሃዋይ ላይ ጥፋቱን ያመጣችው ትንኝ ናት። በ1826 በመርከብ ገባች። ኋላ የወፍ ወባ ተከተለ። የኛ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደጋ ላይ ወባ የማያሰጋን ብርዱ ተውሳኩን ትንኟ ሆድ ውስጥ ስለሚያቆመው ነው። የሃዋይ ወፎችም ልክ እንደኛ ደጋ ወጥተው ነው የተረፉት። የወፍ ወባ ተውሳክ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አያድግም። አሁን ግን አየሩ እየሞቀ ትንኟ ወደ ላይ እየወጣች ነው። ካዋይ የምትባለው ደሴት ከፍተኛ ቦታዋ 1,600 ሜትር አይሞላም፤ ከሰበታ እንኳ ያንሳል። ወፎቹ ከዚያ በላይ የሚሄዱበት የላቸውም። በሃዋይ ደሴቶች ሁሉ ከዚያ ፊንች ከወጡት ከ50 በላይ ዝርያዎች ዛሬ የቀሩት 17 ገደማ ናቸው። ባለሙያዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከ2023 ጀምሮ ማዊ ደሴት ላይ ወንድ ትንኞችን እያራቡ ይለቃሉ። ወንድ ትንኝ አይነክስም። እነዚህ የያዙት ባክቴሪያ ከጫካው ሴት ትንኞች ጋር ሲዳቀሉ እንቁላሉ እንዳይፈለፈል ያደርጋል። እንደሚሳካላቸው ከልቤ እመኛለሁ።

ተክልም ጠላት ይሆናል። ታሂቲ ላይ በ1937 ለቅጠሉ ውበት ተብሎ ሚኮኒያ የሚባል ተክል ገባ። ዛሬ ከደሴቷ ሁለት ሦስተኛውን ወርሮ ሥሩ ያለውን ሁሉ በጥላው አንቆ ይዟል። አጥር ለማሳመር ከየትም ዘር ለሚያስመጡ ሰዎች ሁልጊዜ ይህን እነግራቸዋለሁ። የወፍ ቆሎም እኛ ዘንድ የገባው ለአጥር ውበት ነበር።

ወደ ሱባ እንመለስ። በአንድ በኩል አይመሳሰሉም። የዝናብ ደን ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ይፈልጋል። ካዋይ ላይ ዋያሌያሌ ተራራ በዓመት ከ10,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል፤ ከአዲስ አበባ ስምንት ዘጠኝ እጥፍ መሆኑ ነው። የሱባ ጫካ ክረምት ጠብቆ በጋውን የሚታገስ የደረቅ ደጋ ደን ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ኮሶና አስታ። የዝናብ ደን ልታይ ከፈለገች ወደ ከፋ፣ ወደ ሸካ ወይም ወደ ሐረና መውረድ አለባት።

በሌላ በኩል ግን በደንብ ይመሳሰላሉ። ደጋችን ራሱ ደሴት ነው። ዙሪያውን የከበበው ባሕር ሳይሆን ሞቃት ቆላ ነው። ቀይ ቀበሮን ይውሰዱ። ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ተኩላ መሰል እንስሳ ነው። ደጋው ላይ ደርሶ አይጥ አዳኝ ሆነ። እግሩ ረዘመ፤ አፉ ሾጠጠ። ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የሚያሰጋውም ከውጭ የገባ ነገር ነው፤ የቤት ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ። ከሃዋይ ወፍና ከትንኟ በምን ይለያል? ጭላዳም፣ የደጋ አጋዘንም የዚህ ደሴት ልጆች ናቸው።

ሱባ ደግሞ ደሴት ውስጥ ያለ ደሴት ነው። ዙሪያው እርሻ፣ ባሕር ዛፍና አዲስ ሰፈር ነው። ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ ደሴቶችን አጥንተው ያወጡት ስሌት አለ። በግርድፉ የመኖሪያው ስፋት ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ ውሎ አድሮ ይጠፋሉ። ወዲያው አይደለም። ውሎ አድሮ የሚለውን ያስምሩላት። ሱባ እስካሁን የቆየው ሰው ስለጠበቀው ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉትና እንዳስጠበቁት ይነገራል። እንግዲህ እዚህ «ማን ተከለው?» ለሚለው የተለየ መልስ አለ ማለት ነው።

ለቤት ሥራው የምመክረው ይህ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዘዋት ይሂዱ፤ ክረምት ላይ መንገዱ ስለሚያዳልጥ ከጥቅምት ወዲህ ይሁን። ደብተር ትያዝ። ያየችውን ሁሉ «ከዚህ ወጥቶ እንጦጦ ሊደርስ ይችላል?» ብላ ትጠይቅ። ጉሬዛ የዛፍ እንስሳ ነው፤ ሜዳውን በእግሩ ደፍሮ ማቋረጥ ይከብደዋል። የምኒልክ ድኩላም መደበቂያ ቁጥቋጦ ካልተከታተለለት አይሞክረውም። ጋጋኖ እየጮኸ በሮ ይደርሳል። የጽድ ፍሬ ወፍ ስለሚበላት በወፍ ሆድ ትሻገራለች። ከኮሶ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ስብርባሪው በነፋስ ይሄዳል። የሚሻገሩትን በአንድ ገጽ፣ የማይሻገሩትን በሌላው ትጻፍ። ከዚያ የማይሻገሩትን አንድ በአንድ እያየች «ይህ ከሱባ ቢጠፋ ማን ይመልሰዋል?» ብላ ትጻፍበት። አስተማሪዋ ከዚህ የተሻለ ሥራ የሚጠብቅ አይመስለኝም። ከጨረሰች በኋላ ዝርዝሩን ብትልኩልኝ ደግሞ አብሬያት አየዋለሁ።